ቆብ አስጣዮች፦ ከጣርማ በር በታች ስለሚገኙ የጓሮ ሽንኩርት ዘሪዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማ በር ሲደርስ ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከመግቢያው በፊት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጉምና ጋቢ አለ። ከመውጫው በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጋቢው ተጣጥፎ ዘንቢል ገብቷል፣ መንገዱ ዳር ደግሞ ሽንኩርት በጆንያ ተደርድሯል። የአካባቢው የቀወት ወረዳ ገበሬ ማሾም፣ ጤፍም፣ ማሽላም ያመርታል፤ መንገደኛ የሚያስታውሰው ግን ሽንኩርቱን ነው፤ መኪና በቆመ ቁጥር በመስኮት የሚመጣበት እሱ ነውና።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሽንኩርት አይደለም። ያኛው ተቆርቋሪ አያጣም፤ የውሃ ሞተር፣ ደላላ፣ አይሱዙና የልማት ሠራተኛ አለው። እዚህ የሚመረመረው፣ በዚሁ ሁሉ ሽንኩርት መሀል በአንድ ግቢ ጥግ፣ ለሁለት በተሰነጠቀ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ከዘር የሚበቅለው፣ ብዙ ጊዜም የማይበቅለው ነው።

ሽንኩርት በተትረፈረፈበት አገር ሰው ስለ ምን ብሎ ሽንኩርት ከዘር ያበቅላል? ዘሪዎቹ ሲጠየቁ የኑሮ ውድነትን ያነሳሉ። እርግጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አዲስ አበባ ላይ የአንድ ኪሎ ዋጋ ከ100 ብር ያለፈበት ጊዜ ነበር። መልሱ ግን ሒሳብ ፊት አይቆምም። ግማሽ ጀሪካን ወራት ሙሉ ውሃ ጠጥቶ፣ ሁሉ ነገር ከሰመረለት፣ የሚሰጠው ምርት ለአንዲት ዶሮ ቁሌት መጀመሪያ አይሆንም። ስለዚህ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ወደ ኋላ ይደረስበታል።

የጥንት ጸሐፍት በዚህ ጉዳይ ብዙ አይረዱም። ሄሮዶቱስ ፒራሚድ ለገነቡት ሠራተኞች ለፍጅል፣ ለሽንኩርትና ለነጭ ሽንኩርት 1,600 መክሊት ብር እንደወጣ ድንጋዩ ላይ መጻፉን አስተርጓሚ ነገረኝ ይላል። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን መና ሰልችቷቸው የግብፅ ሽንኩርት ይናፍቃቸዋል። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አሊየም ሴፓ ብሎ መዝግቦታል። ሦስቱም ስለ ጀሪካን ዝም ብለዋል።

በአገር ቤትም ቢሆን ሽንኩርትን ከዘር ማብቀል ለጓሮ እንግዳ ሥራ ነው። የሀበሻ ሽንኩርት የሚባለው የሚተከለው ከራሱ ከኮረቱ ነው፤ አንዷን ኮረት አፈር ውስጥ መሸጎጥ፣ ከዚያ መርሳት ነው፤ በጊዜዋ ተከፋፍላ ብዙ ሆና ትገኛለች። የእናቶች እውቀት ይኸው ነበር። ትልልቁ ቀይ ሽንኩርት ግን ዘር ይፈልጋል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1980 የለቀቀው አዳማ ሬድም ሆነ ገበሬው በአጭሩ ቦምቤ የሚለው ቦምቤ ሬድ መደብ ላይ ተዘርቶ፣ ችግኝ ሆኖ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ ነው ለወግ የሚበቃው። ዘሩ ጥቁርና ማዕዘናም ስለሆነ ከጥቁር አዝሙድ ጋር ያሳስታል። በዚህ ምክንያት ዳቦ ውስጥ የገባ ዘር መኖሩ ይወራል፤ መድኃኒት ያልተቀባ መሆኑ እግዜር ሲያወጣቸው ነው። ዳቦው አልበቀለም።

አንድ ግራም ውስጥ 250 ያህል ዘር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ከ500 ችግኝ በላይ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። በችግኝና በችግኝ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ቢሰጥ 500 ችግኝ 10 ካሬ ሜትር ቦታ ይፈልጋል። የጓሮው ዘሪ ማንኪያውን ሁለቴ ይገለብጣል። ጀሪካኑ ግን አንድ ነው።

ዘሪዎቹን በዕቃቸው መመደብ ይቻላል፤ ጀሪካኖች፣ ጎማዎች፣ የማዳበሪያ ከረጢቶች፣ የተሸነቆሩ ድስቶች። ልዩነቱ ለባለቤቶቹ እንጂ ለሽንኩርቱ ትርጉም ስለሌለው ይታለፋል። ሽንኩርቱን የሚመለከተው የዕቃው ቂጥ ውሃ እንዲያወጣ መበሳቱ ነው። አይበሳም። (የተሸነቆረው ድስት በዚህ ረገድ ሳያስበው ከሁሉም ይበልጣል።)

በዘር ምንጭ መመደቡ የተሻለ ፍሬ ይሰጣል። አንደኞቹ ቋጠሮኞች ናቸው። ከገበሬ ጎረቤት የተረፈ ዘር በፌስታል ቋጠሮ ተቀብለው ቡፌ ላይ ያኖራሉ፤ ዘንድሮ ሳይመቻቸው ይቀርና ለከርሞ ይሻገራል። የሽንኩርት ዘር ደግሞ ከአትክልት ዘር ሁሉ ዕድሜው ካጠረው አንዱ ነው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ካላገኘ ዓመት አልፎት አብዛኛው ይሞታል። የሸዋ ሮቢት ቡፌ፣ በተለይ ቴሌቪዥን ከተሸከመ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አይደለም። አሥር ዘር በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንቱ እንደሚያቆጠቁጥ መቁጠር ጉዳዩን በሳምንት ይለያል። ቋጠሮኞች ይህን አያደርጉም፤ ሙት መርማሪ መምሰል ደስ አይላቸውም።

ሁለተኞቹ ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ናቸው። ዘመዱ ለክረምት ሲመጣ ከሽቶና ከጫማ ጋር አንድ ፓኬት ዘር ይዞ ይመጣል፤ ፓኬቱ ላይ የሕፃን ራስ የሚያክል ሽንኩርት ተስሏል። ችግሩ ሥዕሉ ላይ አይታይም። ሽንኩርት ኮረት መቋጠር የሚጀምረው የቀኑን ርዝመት አይቶ ነው። የሰሜን አገር ዝርያ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀን ይጠብቃል፤ ይፋት ላይ ደግሞ በዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ሽንኩርቱም ይጠብቃል። ቅጠሉ ይለመልማል፣ ግቢው ያምራል፣ ጎረቤት ይቀናል፤ ሥሩ ሲታይ ግን አንገት እንጂ ራስ የለም። ባለቤቷ «ገና ነው፣ የውጭ ስለሆነ ነው» ትላለች። በከፊል እውነቷን ነው።

ከተዘራ በኋላ ያለው ጊዜ በሙቀት ይወሰናል። አፈሩ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ ቡቃያው በአራት ወይም በአምስት ቀን ብቅ ይላል። በ10 ዲግሪ 13 ቀን ይፈጃል፤ በዜሮ ዲግሪ ከ130 ቀን በላይ። የሚገርመው በ35 ዲግሪም 13 ቀን መፍጀቱ ነው። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ ጀሪካኗን «ይሙቀው» ብላ ፀሐይ ላይ የምትገትር ሴት፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወጥታ ጣርማ በር ብርድ ላይ ብትዘራ ኖሮ ከምትጠብቀው እኩል ልትጠብቅ ትችላለች። ሣር ጎዝጉዞ ጥላ ማድረግ መፍትሔው ነበር። ሣሩ ግን ማየት ይከለክላል፤ ማየት ደግሞ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

እዚህ ላይ በአንድ አንቀጽ የማይታለፈው ወገን ይመጣል።

የሽንኩርት አበቃቀል ትዕግሥት ላጣ ሰው የተሠራ አይደለም። መጀመሪያ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። ቀጥሎ ቡቃያው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ጎብጦ፣ በጉልበቱ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል። ጫፉ ገና ዘሩ ውስጥ ተወትፎ የተሰነቀለትን ምግብ ይመጥጣል። ለጥቂት ቀናት ከላይ የሚታየው ሁለት እግሩ የተቀበረ ክር የሚያህል አረንጓዴ ቅስት ብቻ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ጫፉን መዝዞ ቀና ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ጥቁር ቅርፊት ቆብ አድርጎ ደፍቶት ነው የሚነሳው። ቆቡ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። እውነተኛው ቅጠል ከዚያ ወዲያ ከቡቃያው ጎን፣ ከታች በኩል፣ ሽንቁር አበጅቶ ብቅ ይላል።

በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ለሰው ልጅ የተመደበ ሥራ የለም። ሰው ግን ሥራ አያጣም። በሦስት ማዕረግ ይከፈላል።

ዝቅተኛው ማዕረግ ጫሪ ነው። ጫሪ ምንም ሳይበቅል፣ በሦስተኛው ቀን፣ «ሞቶ ይሆን?» ብሎ አፈሩን ይገልጣል። መሣሪያው ጣት፣ ስቴኪኒ፣ የሲም ካርድ መንቀያ ወይም ወስፌ ነው። ወስፌ የሚይዙት ሰፌድና ሞሶብ ሲሰፉ የኖሩ እናቶች ስለሆኑ የሚያደርሱት ጉዳት እጅግ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ሰዓቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ቤተሰብ ሳይነሳ በስልክ መብራት፣ ሌላው ቡና ላይ፣ ከቶና በኋላ ከበረካ በፊት። በእምነት ክህደት ቃላቸውም ይለያያሉ፦ «ላይ ብቻ ነው»፣ «ነካ ነው ያደረግኩት»፣ «ሕፃኑ ነው»፣ «ዶሮዋ ናት»። ዶሮ በይፋት ግቢዎች ብዙ ጥፋት ታጠፋለች፤ የታደሰ መደብ ካገኘች ለነገ አትልም። ስቴኪኒ ግን አትይዝም።

መካከለኛው ማዕረግ ቀና አድራጊ ይባላል። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም የሚያጠፋው ርኅራኄው ነው። ጎባጣውን ቡቃያ ሲያይ ሆዱ አይችልም። በሁለት ጥፍሩ ቅስቱን ይዞ በቀስታ ወደ ላይ ይስበዋል። ቡቃያው ወይ ይበጠሳል፣ ወይ ስንቁን አፈር ውስጥ ጥሎ ባዶ እጁን ይወጣል። በማግስቱ ክሩ አፈር ላይ ተጋድሞ ሲታይ ቀና አድራጊው የሚደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ ውሃ አንሶታል። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስቶ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያጠጣል። ባልተበሳው ጀሪካን ውስጥ ውሃው ይተኛል፣ ሻጋታ ይነሳል፤ የቀሩት ቡቃያዎች አንገታቸው በክር የታሰረ ይመስል ከአፈሩ አፍ ላይ ቀጥነው ተራ በተራ ይወድቃሉ። የግብርና ባለሙያ የችግኝ አጠውላጊ በሽታ ይለዋል። ግቢው ውስጥ ግን ብያኔው «ዓይን በላው» ነው፤ ባለፈው ሳምንት ዱቄት ልትበደር የመጣችው ጎረቤት ላይ ጥርጣሬ ያርፋል። ነገሩን በትክክል ለመረመረ፣ እዚያ ጀሪካን ላይ ቀንና ሌሊት ያልተነቀለው ዓይን የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከፍተኛው ማዕረግ ቆብ አስጣይ ነው። እዚህ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ቡቃያው ከጫሪውም ከቀና አድራጊውም ተርፎ፣ በራሱ ኃይል ቀና ብሎ፣ ቆቡን ደፍቶ መቆም አለበትና። ቆብ አስጣዩ ያንን ጥቁር ነገር ሲያይ ቅማል፣ አለበለዚያም ቆሻሻ ይመስለዋል። አንድ በአንድ ይለቅማል። ቆቡ ገና ካልላላ ጫፉ አብሮ ይቀነጠሳል። ከቆብ አስጣዮች መካከል ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ አድርገው ቆቡን አርሰው የሚያወልቁ አሉ፤ እነዚህ የራሳቸው ንዑስ ወገን ይገባቸዋል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ዘዴያቸው ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ጀሪካን ላይ ጎንበስ ብለው ሲውሉ ግን ወጥ ያርራል። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሦስቱንም ማዕረግ አጠናቅቆ የሚመረቅበት ጊዜም አለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከአጥሩ ማዶ እውነተኛው የሽንኩርት ገበሬ ይኖራል። አንድ ሜትር ስፋት ባለው መደቡ ላይ ዘሩን በመስመር ዘርቶ፣ ሣር ጎዝጉዞ፣ ሲበቅል ሣሩን አንስቶ፣ ሌላ ሥራውን ይሠራል። ከ45 እስከ 55 ቀን ሲሞላ፣ ችግኙ እርሳስ ሲያህል፣ ይነቅላል ይተክላል። አልፎ አልፎ ከመስኖ ሲመለስ በአጥሩ ላይ ጎንበስ ይላል።

«እትዬ፣ ምን ዘር ነው?»

«ቦምቤ ነው።»

«ምነው ቢነግሩኝ፣ ከመደቤ አንድ እፍኝ ችግኝ እነቅልልዎ ነበር።»

«የራሴው ነው የሚጣፍጠኝ።»

«ገና አልበቀለም'ኮ።»

«ሲበቅል።»

ገበሬው በትሕትና ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ማታ ለሚስቱ ይነግራታል። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ከቀበሌ ሱቅ ተራ የተጣለ ጀሪካን ይዛ ስትመለስ ትታያለች።

ከዚህ ቀጥሎ አራተኛ ክፍል ሊኖር ይገባ ነበር፤ ምርት የሰበሰቡትን በመጠን፣ በቅርጽና በጉራ የሚመድብ። ለምደባ የሚበቃ ቁጥር ስላልተገኘ ቀርቷል። ከሸዋ ሮቢት አንድ ግቢ ግን ከመስከረሙ ዘር አሥራ አንድ ሽንኩርት መጋቢት ላይ ወጥቷል፤ ትልቁ የሎሚ ያህላል፣ ትንሹ እንኳ ሽንኩርት መሆኑ በጠረኑ ይታወቃል። ባለቤቷ ቅጠላቸውን ጎንጉና ማድ ቤት በር ላይ ሰቅላቸዋለች። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ታሳያለች፣ ከዚያ ቡና ታፈላለች። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሲሠራ ልጇ ወንበር ላይ ቆሞ ጉንጉኑን ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ ተቆጥታ አስወረደችውና አምስት ኪሎ ሽንኩርት ከጉሊት እንዲገዛ ብር ሰጠችው።