ቢጫ ጃንጥላ በመንቆረር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የትኛው ሥራ ይከብዳል ብትሉኝ አስጎብኚነት እላለሁ። ድንጋይ ፈላጭም ይደክመዋል፤ ድንጋዩ ግን አይከራከረውም። አስጎብኚ አደባባይ ላይ ቆሞ «ይህ ቤተ መንግሥት . . .» ማለት ሲጀምር በዚያ የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል። ነጋዴው ይቆማል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ይቆማል፣ ሐኪም ቤት የቸኮለው ሳይቀር ይቆማል። የሚቆሙት ሊማሩ አይደለም፤ ሊያርሙ ነው። አንድ ዓመት ያዛነፈ ወይም አንዱን መስፍን ለሌላ አባት የሰጠ እንደሆነ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አስጎብኚው ራሱ ተጎብኚ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት ስቶክሆልም የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ስዊድናዊት ሚስቱንና ሦስት ጓደኞቿን ይዞ መጣ። የመጡት በሐምሌ ነው። ማርቆስን በሐምሌ የሚጎበኝ ሰው ወይ አልጠየቀም፣ ወይ ጠይቆ አላመነም። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ የጮቄ ደመና ከበላይዋ እየተጋፋ፣ ዝናቡ ጠዋት ሰላምታ ብሎ ይጀምርና ማታ ደኅና እደሩ ሳይል ያድራል። ግን ምን ይደረግ፣ የስዊድን ሰው ዕረፍት የሚወጣው በዚያው ወር ነው።

የአጎቴ ልጅ ጉብኝትን የሚያውቀው በስቶክሆልም ሥርዓት ነው። ጋምላ ስታን የሚባለውን አሮጌ ሠፈር እንግዳ በመጣበት ቁጥር ያዞራል። አስጎብኚዋ ደማቅ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ከፊት ትሄዳለች፤ ሰዉ ጃንጥላውን እያየ ይከተላል። አንዲት 90 ሳንቲ ሜትር የምትሰፋ መተላለፊያ አለች፤ እዚያ ሲደርሱ ሁሉም በተራ እየገባ ፎቶ ይነሣል። (እኛ ገበያ ውስጥ በበርበሬና በጨው መደብ መካከል ከዚያ የጠበበ መንገድ አለ፤ አህያ ከነጭነቷ ታልፍበታለች፤ ፎቶ ያነሣት ግን የለም።)

«ሲተረክ መንገደኛው ምን ይላል?» አልኩት።

«ምንም። ስልኩን እያየ ያልፋል።»

«አንድ ሰው እንኳ አያርማትም?»

«ምኑን?»

ከዚህ በላይ ምን እጠይቀዋለሁ? ዝም አልኩ።

ይበልጥ የገረመኝ የመርከቡ ነገር ነው። ቫሳ ይባላል። ንጉሣቸው ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ባልቲክን ሊያስፈራሩበት 64 መድፍ ጭነው ያሠሩት መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1628 የስቶክሆልም ሕዝብ ሆ ብሎ ወጥቶ እያየው ከወደቡ ተነሣ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ነፋስ ገፋ ቢያደርገው ተጋድሞ ሰጠመ። ከባሕር ሥር 333 ዓመት ተኝቶ እ.ኤ.አ. በ1961 አወጡት። ትልቅ ቤት ሠሩለት፣ ትኬት ቆረጡለት፤ አሁን በዓመት ከሚሊዮን በላይ ሰው እየከፈለ ያየዋል።

እኔ ይህን ስሰማ ትዝ ያሉኝ የአናጢው የልጅ ልጆች ናቸው። ነገሩ ጎጃም ሆኖ ቢሆን የዚያ ሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሚስት ሲለምን «የመርከቡ ወገን አይደለህም እንዴ?» እየተባለ ይመለስ ነበር። መርከቡንም ላውጣ የሚል ቢገኝ ሽማግሌ ይላክበታል። «ተወው ልጄ፣ ከተኛበት ይተኛ፤ ምን ሊረባህ ጉድ ታወጣለህ?»

ለማንኛውም እንግዶቹ አስጎብኚ ያስፈልጋቸው ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ በቱሪዝም ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ የከረመ ነው። ተገናኙ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ማታውን ሲያጠና አደረ፣ የአጎቴን ልጅ ምክር ሰምቶም ቢጫ ጃንጥላ ገዛ። ባለሱቁ በዚያው ሳምንት የዚያኑ ጃንጥላ ሙሉ ካርቶን ለከተማው እንደሸጠ ግን ማንም አልነገረው።

የጀመርነው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ነው። ልጁ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ይህችን ከተማ ያቀኗት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው» ከማለቱ፣ ከኋላችን ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ነገረ። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ። ሽማግሌው አያቱን ያውቁ ስለነበር ፊታቸው ትንሽ ረገበ።

«ታዲያ የእርሱ የልጅ ልጅ ሆነህ ደጃዝማች ተድላ ጓሉን የት ጣልካቸው?»

እውነታቸውን ነው። ከተማዋ መንቆረር ተብላ የተቆረቆረችው በ1845 ዓ.ም. ገደማ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ጊዜ ነው፤ አጤ ቴዎድሮስን እምቢ ያሉት ተድላ። ተክለ ሃይማኖት ያኔ ገና ብላቴናው አዳል ተሰማ ነበሩ። በኋላ የተድላን ልጅ ደስታን ድል ነሥተው ጎጃምን ያዙ፤ በ1873 ዓ.ም. አጤ ዮሐንስ የጎጃምና የካፋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው። መንቆረርም የማርቆስ ታቦት ባለበት ደብር ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ሊያሳጥረው ፈልጎ ነው። ማርቆስ ውስጥ ታሪክ ማሳጠር ግን ወገን መለየት ነው። ወዲያው አንድ ጎልማሳ ለተክለ ሃይማኖት ጠበቃ ሆኖ ቆመ፤ አንዲት እናት ለተድላ ቆሙ። ክርክሩ ሲፋፋም ለማያውቅ ሰው ሁለቱ መኳንንት ትናንት የተጣሉ ይመስለዋል። ስዊድናውያኑ ፎቶ ያነሣሉ። ቤተ መንግሥቱን አይደለም፣ ክርክሩን።

ልጁ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አሻገረውና ዐድዋ ላይ ሲደርስ ደረቱን ነፋ። የአጎቴ ልጅ ሚስት ግን አማርኛ እየለመደች ነውና ማስታወሻዋን ገልጣ «እምባቦስ?» አለች። ከመምጣቷ በፊት አንብባ ኖሯል።

ዝናቡ ብቻ ተሰማ።

በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ ያለውን አገር ማን ያስገብር በሚል እምባቦ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተዋጉ። የእኛ ንጉሥ ቆስለው ተማረኩ፤ ቁስላቸውን ምኒልክ ራሳቸው አጠቡላቸው ተብሎ ይተረካል። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ ሁለቱ በአንድ ወገን ተሰለፉ። እንዲህ ያለ ታሪክ ስቶክሆልም ቢኖር ቤት ተሠርቶለት፣ የደም ጠብታ ሳይቀር በመስተዋት ተሸፍኖ በትኬት ይታይ ነበር። ማርቆስ ላይ ግን ሽማግሌው ከዘራቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና «ልጆቹን ዝናብ መታቸው እኮ፤ ምነው ወደፊት ብትሉ» አሉ። ለተድላና ለተክለ ሃይማኖት ሲሟገቱ የነበሩት ሁሉ በዚህ አንድ ነገር ተስማሙ።

ወደፊት አልን። መንገድ ላይ የአጎቴ ልጅ ለእንግዶቹ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያወራ ጀመር። ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የማርቆስ አካባቢ የእንዶዳም ሰው ናቸው፤ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ በተለይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ የገጸ ባሕርያቱ ስም ከብዙ ባለሥልጣን ስም ይልቅ ይታወቃል። በአጠገባችን የሚያልፉ ቅርጫት የያዙ ሴት የሰብለን ስም ሰሙና ቆሙ።

«የሰብለ ወንጌልን ቤት ነው የምትፈልጉ? ኧረ እዚህ አይደለም፣ ዲማ ነው። በቢቸና መኪና ትሄዳላችሁ። የበዛብህ አገር ከሆነ ግን ማንኩሳ ነው፣ በቡሬ በኩል።»

አስጎብኚያችን ዕለቱን ሙሉ ሲታረም ውሎ አሁን የሚያርመው አገኘና «እትዬ፣ ልቦለድ እኮ ነው፤ ሰዎቹ አልነበሩም» አለ።

ሴትየዋ ቅርጫታቸውን አስቀመጡ። «አልነበሩም? ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ያለቀስሁ ለማን ነው?»

ልጁ መልስ አልነበረውም፤ እኔም የለኝም። በዚህ መሐል አንድ ሰው ጉዱ ካሣ በእናቱ በኩል እንደሚዛመደው ነገረን። ስዊድናውያኑ ከዘመዱ ጋር ፎቶ ተነሡ።

ዝናቡ የበረታው ይኼኔ ነው። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ዘረጋ፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። እንግዶቹ በአገራቸው እንደለመዱት አንገታቸውን ደፍተው ቢጫውን ተከተሉ። እኔም እንግዶቹን ተከተልሁ፤ የእኔ ሥራ እነርሱን አለማጣት ነው ብዬ። ጃንጥላው አንድ ቅያስ ታጠፈ፣ ጭቃ ተሻገረ፣ በተከፈተ አጥር ገባ፣ ሰፊ ዳስ ውስጥ ደረሰና ታጠፈ። ከሥሩ የወጡት አንድ መሪጌታ ናቸው። የአርባ ተዝካር ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል። «አይ፣ እኛ ተሳስተን ነው» ለማለት አፍ ሲከፈት ጉርሻ ይገባበታል። ባለቤቶቹ የሟቹ ዝና እስከ ፈረንጅ አገር መድረሱን ከእንግዶቹ መልክ ተረድተው ኖሮ ከፊተኛው መደብ አስቀመጡን። ጠላው በየዋንጫው ተቀዳ። ከእንግዶቹ አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይህ በጉብኝቱ ዋጋ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ ይከፈላል?» ብላ ጠየቀችኝ። በውስጡ ነው አልኋት።

አስጎብኚያችንስ? እርሱ ቢጫ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ስለ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አሠራር በእንግሊዝኛ እየተረከ ደጀ ሰላሙ ድረስ ሄዷል። ጥያቄ ካለ ብሎ ሲዞር ከኋላው የቆሙት ከገጠር የመጡ፣ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ገበሬዎች ናቸው። የተዝካሩን ቤት የሚያውቅ መሪ መስሏቸው ቢጫውን ተከትለው ነው። አላቋረጡትም፤ ሲያስረዳ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። በማርቆስ ታሪክ ያለ እርማት የሰሙት ጎብኚዎች እነርሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከዚያ ትልቁ «የኔ ልጅ፣ እንግዲህ ወደ ተዝካሩ ውሰደን» አሉት። ጠያይቆ አመጣቸው፤ እኛንም እዚያው አገኘን።

ዳሱ ውስጥ ከእኛ ቀድመው የተቀመጡት እነማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የጠዋቱ ሽማግሌ። ባለከዘራው። አሁን ጠላ ቀምሰዋል፣ ጊዜም አላቸው።

«ከየት ነው የመጡት እነዚህ ልጆች?»

«ከስቶክሆልም ጋሼ፣ ስዊድን» አለ የአጎቴ ልጅ።

«አሃ! ራስ ኃይሉ የወጡበት ጉዞ!»

የአጎቴ ልጅ ደነገጠ። ሽማግሌው ግን ከእውነት አልራቁም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲዞሩ አስከትለዋቸው ከወጡት መሳፍንት አንዱ የተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ናቸው፤ የጉዞው መስመርም ስቶክሆልምን ይጨምር ነበር። ራስ ኃይሉ ገንዘብ በማወቅ የታሙ ሰው ስለነበሩ፣ የዛሬውን የትኬት ነገር ያኔ አይተውት ቢሆን ኖሮ ጎጃም ላይ አንድ ግብር ይጨመር ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ይኸውልህ» አሉ ሽማግሌው ወደ አጎቴ ልጅ ዞረው፣ «አንተ እዚያ ስንት ዘመን ኖረሃል። ያኔ ተፈሪን የተቀበሏቸው ንጉሥ ማን ይባላሉ?»

የአጎቴ ልጅ ጠላውን አየ። ጋምላ ስታንን ስንት ጊዜ የዞረ ሰው ነው፤ የመተላለፊያዋን ስፋት በሳንቲ ሜትር ያውቃል።

«አላስታውስም ጋሼ።»

«እሺ፣ ዛሬ ያሉት ንጉሥ ለእኒያ ምናቸው ናቸው?»

«አላውቅም።»

ዳሱ ጸጥ አለ። የመንቆረር ልጅ ባዕድ አገር ኖሮ የንጉሡን ዘር ሳያውቅ ጠላ ሲጠጣ ያዩ ሁሉ ለአባቱ አዘኑ። ይኼኔ ሚስቱ ጽዋዋን አስቀምጣ በተሰባበረ አማርኛ ጀመረች።

«ያኔ ንጉሥ ጉስታፍ አምስተኛ። የእርሱ ልጅ ጉስታፍ ስድስተኛ አዶልፍ። የእርሱ ልጅ ልዑል ጉስታፍ አዶልፍ፣ አልነገሠም፣ አውሮፕላን ወደቀ፣ ሞተ። የእርሱ ልጅ ካርል ጉስታፍ፣ አሁን ንጉሥ።»

ሽማግሌው በጣታቸው ቆጠሩ። «እንግዲያው ቅድመ አያታቸው ናቸዋ።»

«አዎ፣ ቅድመ አያት።»

«በአባት?»

«በአባት።»

ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። መሪጌታው ሳይቀሩ «ይበል» አሉ። ሽማግሌው ከፊታቸው ያለውን ምርጥ ቁራጭ አንሥተው እርሷን አጎረሱና፣ ልብሱ ገና ሳይደርቅለት ጥግ ወደተቀመጠው አስጎብኚያችን በከዘራቸው ጠቆሙት።

«ጃንጥላውን ለእርሷ ስጣት።»