የደህና ሬዲዮ ያለህ!

ደህና የአጭር ሞገድ ሬዲዮ መርጦ መግዛት ፍዳ ሆኗል። ዕቃ ጠፍቶ አይደለም። መርካቶ ብትገባም፣ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ብትዞርም መደርደሪያው ሞልቷል። ካርቶኑ ላይ «12 ባንድ»፣ «9 ባንድ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሁሉም ፍላሽ ይወስዳል፣ ሚሞሪ ካርድ ይወስዳል፣ ብሉቱዝ አለው፤ ጫፉ ላይ መብራት፣ ጀርባው ላይ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ተለጥፎበታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የፈለግነውን ጣቢያ አግኝቶ፣ ዜናው እስኪያልቅ ይዞት የሚቆየው ግን ስንቱ ነው?

ይህ የጥቂት ሬዲዮ ወዳጆች ጣጣ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ኤፍ ኤም ከማሠራጫው ማማ ብዙ አይርቅም፤ ጋራ ከመጣበት ያበቃለታል። በአገራችን ደግሞ ጋራ የሌለበት የት አለ? አጭር ሞገድ ግን ከላይኛው የአየር ንጣፍ እየነጠረ ስለሚመለስ ከሌላ አህጉር ተነሥቶ ደባርቅም ጎዴም ይገባል። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሠራጨት ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱ ቤተሰብ በዚህ መንገድ ሰምቶታል! አዲስ አበባም ራሷ በዚሁ ሞገድ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ትናገር ነበር፤ ይህን ያደርግ የነበረው ብሥራተ ወንጌል በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ በ1969 ዓ.ም. ደርግ እስኪወርሰው ድረስ የሠራ ጣቢያ ነው። ዛሬም ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው ይኸው ሞገድ ነው። ታዲያ ለዚህ ሁሉ ሰው የሚሸጥለት ዕቃ እንዲህ መላ ቅጡ የጠፋ መሆኑ አንጀት ያሳርራል።

ብሶቴን ከማዞሪያው ልጀምር። ከርካሾቹ ሬዲዮዎች ብዙዎቹ አጭር ሞገድን ለሁለት ይከፍሉታል። ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 18 ሜጋ ኸርዝ ያለውን በሙሉ አንድ መስመር ላይ ያጭቀዋል። ይህ 12 ሺህ ኪሎ ኸርዝ ነው። በአጭር ሞገድ ጣቢያዎች የሚደረደሩት በ5 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ስለሆነ 2,400 የጣቢያ ቦታ ይወጣዋል። ሰሌዳው ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ወደ 50 የሚጠጋ ቦታ ተሸክማለች ማለት ነው። ዕርፍ ሲጨብጥ የኖረ ጣት፣ ዕድሜ ያንቀጠቀጠው እጅ ይህን እንዴት ይለየው? ነካ ሲደረግ ጣቢያው አልፏል። መለስ ሲባል ማዞሪያው ላልቶ ቀዩ መስመር ሳይነቃነቅ ይቆይና ድንገት ይዘላል። ጋዜጠኛዋ የሞገዱን ቁጥር በኪሎ ኸርዝ አስተካክላ ታነባለች፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ግን 8፣ 10፣ 12 ብቻ ነው፤ እሱም ልክ ከሆነ።

የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት በሚታፈንበት ጊዜ የማዞሪያ ነገር የሕይወት ጉዳይ ነበር። መጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጣቢያውን ከሩዋንዳው የጥላቻ ሬዲዮ ጋር አመሳስለው ስለ አፈናው በግልጽ ሲናገሩ፣ አድማጩ ከማፈኛው ጩኸት በጥቂቱ ሸሸት እያለ፣ ከአንዱ ሞገድ ወደ ሌላው እየዘለለ ቃል በቃል ይለቅም ነበር። በዛሬው የላላ ማዞሪያ ይህ አይሞከርም።

ደህናው ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሶኒ አይ ሲ ኤፍ–ኤስ ደብልዩ 11 የሚባለውን ሲሠራ አጭር ሞገዱን ለ9 ከፍሎት ነበር። አሁን አይመረትም። የቻይናው ቴክሰን አር–9012 ለ10 ይከፍለዋል። ከ9.4 እስከ 9.9 ሜጋ ኸርዝ ያለው የ31 ሜትር ባንድ ብቻውን ሰሌዳውን ሲይዝ፣ እዚያ መስመር ላይ የሚሰፍረው መቶ ያህል ቦታ ነው። መቶ የትና 2,400 የት! እንግዲህ የሚታየው ባንዱ እንዴት እንደተዘረጋ መሆን ነበረበት። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አይረዳንም፤ አንዳንዱ ኤፍ ኤሙንም፣ መካከለኛ ሞገዱንም፣ የቴሌቪዥን ድምፅ የሚለውንም ደምሮ ነው 12 የሚያደርሰው።

መሞከር የሚባለውም ከንቱ ነው። ቀን 6 ሰዓት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ዙሪያውን ቻርጀር ተሰክቶ አምፖል በርቶ ባለበት ሱቅ ምን ይሞከራል? ሻጩ ልጅ ኤፍ ኤም ላይ ያደርግና ድምፁን ይለቀዋል።

«አንደኛ ነው ጋሼ፤ ድምፁን ይስሙት እንጂ!»

የኔ ልጅ፣ ኤፍ ኤምማ ስልኬም ላይ አለ። አጭር ሞገዱን ክፈትልኝ ሲሉት ሹሹታ ብቻ። «ሰዓቱ ስላልሆነ ነው፤ ማታ ይስባል» ይላል። አልዋሸም። እነ 49 እና 41 ሜትር ባንድ ፀሐይ እያለች በታችኛው የአየር ንጣፍ ተውጠው ይቀራሉ፤ ከሩቅ የሚሰሙት ሲመሽ ነው። ቀን የሚሻሉት እነ 19 እና 16 ሜትር ናቸው። ግን ማታ ቤት ወስደነው ባይስብስ? «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ከልጁ ጀርባ ተለጥፏል። በሚሸጥበት ሰዓት ሊሞከር የማይችል ዕቃ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ሊመለስ ይገባው ነበር።

ማታ ሲከፈት ደግሞ ሌላ አሳር። አንዱ ኃይለኛ ጣቢያ ሁለት ቦታ ይሰማል። ርካሽ ሬዲዮ የሚቀበለውን ሞገድ አንዴ ብቻ ወደ 455 ኪሎ ኸርዝ ለውጦ ስለሚያጣራ የጣቢያው ጥላ 910 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ ይወድቃል። እዚያ ቦታ አማርኛው ካለ፣ በማያውቁት ቋንቋ ተሸፍኖ ያድራል። ሁለት ጊዜ ለውጦ የሚያጣራ አናሎግ ሬዲዮ አለ፤ ነጋዴውን ስለዚህ ጠይቆ መልስ ማግኘት ግን ዘበት ነው።

ደግሞ ባትሪው! የድሮው ሬዲዮ ሁለት ድንጋይ ገብቶለት ማታ ማታ ብቻ ሲከፈት ለሳምንታት ይበቃው ነበር። ድንጋዩም ገጠር ሱቅ ከሳሙናና ከክብሪት ጋር ይገኛል። አሁን ያለው ውስጡ የተቀበረ፣ ቻርጅ የሚደረግ ስስ ባትሪ ነው። እሱ ሲሞት መለወጫው አይገኝም፤ ሬዲዮውም አብሮ ይጣላል። ቻርጅ እየተደረገ ሲከፈት ቻርጀሩ ራሱ አጭር ሞገዱን በጩኸት ይሞላዋል።

«ዲጂታል ግዙ» የሚሉን አሉ። ቁጥሩን በትክክል ማሳየቱ እውነት ነው፤ ዓይኑ ለሚያይ፣ ዋጋውን ለሚችል ደግ ነው። ግን በትንንሽ ቁልፎች የታጨቀ ነው፤ ለሚያነብ ሰው እንኳ መመሪያው ግራ ያጋባል። አናሎጉን አንድ አዛውንት በጨለማ በጣታቸው ይከፍቱታል። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር በደንብ ሠርቶ ማቅረብ ለምን ይከብዳል?

ጣቢያዎቹም አልራሩልንም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ማርች እና ኦክቶበር መጨረሻ እሑድ፣ የአጭር ሞገድ ሥርጭት መርሐ ግብር ይቀየራል። ለውጡ የግድ ነው፤ ፀሐይና ወቅት ያመጡት ነው። አዲሱ ቁጥር ግን ለአንድ ሳምንት ያህል በጥድፊያ ይነበብና በቃ። ሰሌዳው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ደህና ሬዲዮ ያገኘ የከተማ ሰውም አላረፈም። የኤል ኢ ዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የጎረቤት ዲኮደር ሁሉ ይጮህበታል። ወይ መብራቱን አጥፍቶ ይቀመጣል፣ ወይ በብርድ ደጅ ይወጣል፣ ወይ በመስኮት ሽቦ ዘርግቶ አንቴናው ላይ ይጠመጥማል።

መጋቢት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ሲቋረጥ ገጠር ያለው አጎቴ ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት ደወለልኝ። ምሽቱን ሙሉ ማዞሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ አምሽቶ ነበር። ሰሌዳው የማይታመን ስለሆነ ጣቢያው ጠፍቶ ይሁን ሬዲዮው ስቶት፣ የሚለይበት መንገድ የለውም። የሆነውን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና፣ የጀርመኑም ቢሆን እየተንሸራተተ አስቸግሮኛል፣ እባክህ ደህና ሬዲዮ ፈልገህ ላክልኝ አለ። ምኑን ልላክለት?