ደረጃውን የጠበቀ ሙዚየም

ባለፈው ቅዳሜ ደረጃውን የጠበቀ ሙዚየም ሄድኩ። ወሬ አይደለም፤ ሲጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘጠኝ ደረጃ ነው፤ አንዱም አልጎደለም። ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቁታል። ዊልቸሬ ላይ ሆኜ፣ ከደረጃ በታች ቁጭ ብዬ ቀና ስል በአገሬ ኮራሁ። የሙዚየሙን ስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ ሌሎቹ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብለው ይቀየሙኛል።

የተነሳሁት ከሰፈሬ ከተክለ ሃይማኖት ነው። አደባባዩ ጋ አራት ሚኒባስ አልፎኝ አምስተኛው ቆመ። ወያላው ዊልቸሬን አጣጥፎ ከኋላ ከጫነ በኋላ «ወንበሩም ሰው ነው» ብሎ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። ቅር አላለኝም። በዚያን ዕለት ወንበሬን ከሰው የቆጠረ እሱ ብቻ ነበር፤ ከሱ በኋላ ያገኘኋቸው ሁሉ እኔን ከወንበር ነው የቆጠሩኝ።

የትኬት መቁረጫው መስኮት ከአናቴ በላይ ስለሆነ ከሻጯ ጋር የተዋወቅነው በእጅ ብቻ ነው። ሙሉ ዋጋ ከፈልኩ። ሥዕሎቹ ፎቅ ላይ ናቸው። ትኬቴን ይዤ ደረጃው ሥር ስጠብቅ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ቆም አሉና አሥር ብር ጭኔ ላይ ጣል አድርገው «እግዜር ይማርህ ልጄ» ብለውኝ ወደ ላይ ወጡ። እሳቸውም ሥዕል ሊያዩ የመጡ ናቸው።

«ጋሼ፣ ችግር የለም! እንሸከምዎታለን» አለኝ ከጥበቃዎቹ አንዱ።

እዚህ ላይ ነጋ ጠባ ራምፕ፣ ራምፕ የሚሉትን ልጠይቅ፦ ሰው እያለ ሲሚንቶ ለምን ይባክናል? ራምፕ አንዴ ይሠራል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ማንንም አያጸድቅም። ሸክም ግን የጽድቅ በር ነው። አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በጉልበቴ ይይዘኛል፤ ሦስተኛው ወንበሬን አናቱ ላይ አድርጎ ይከተላል፤ አራተኛው «ቀስ! ቀስ! እንዳትጥሉት!» እያለ አመራር ይሰጣል፤ አምስተኛው በስልኩ ይቀርጻል። በዘጠኝ ደረጃ አምስት ሰው ጸደቀ ማለት ነው። በመሀል ሸሚዜ ተገልቦ ሆዴ ለጎብኚ ክፍት ቢሆንም እሱ ከትኬቱ ጋር የሚታሰብ ነው። ራምፕ ቢኖር ኖሮ ብቻዬን ገብቼ፣ ብቻዬን አይቼ፣ ማንንም «እግዜር ይስጥልኝ» ሳልል እወጣ ነበር። እንዲህ ያለ ብልግና በባህላችን የለም።

ደግሞ ራምፕ የለም ያለ ሰው ሐሰተኛ ነው። አለ። በሕንፃው ጎን፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ። በብዙ አገር የተለመደው ልክ ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ነው፤ የኛው መሐንዲስ ግን የአዲስ አበባን የመሬት ዋጋ ስለሚያውቅ አንድ ለሁለት አድርጎ ጨርሶታል። ለመውጣት ክንፍ፣ ለመውረድ ፍትሐት ያስፈልጋል። ጫፉ ላይ በር አለ፤ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሰውዬው ጋ ነው፤ ሰውዬው ስብሰባ ነው። እስከዚያው ቦታው ባዶ እንዳይሆን አበባ የተተከለባቸው ማሰሮዎች ተደርድረውበታል።

ሕግም አልጎደለብንም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም፣ መራመድ እየቻለ ደረጃ ለሚያቅተውም የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 ሙዚየምን በስሙ ይጠራል። ሙዚየሙ ይህን ጣሰ ብሎ የሚከስ ካለ የሙዚየምን ሥራ አያውቅም። ሙዚየም ውድ ነገር እጅ እንዳይነካው አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሕጉንም እንዲሁ ሳይነካ አስቀምጦታል። «ቤቱ ቅርስ ነው፣ አይነካም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ግድግዳው የተበሳው ለካሜራና ለማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ድንቅነሽን ተመልከቱ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ከተገኘች ወዲህ የከበረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ስለሄደች ነው። በሁለት እግር መሄድ እዚህ አገር ምን ያህል እንደሚያስከብር ከዚህ ወዲያ ምስክር አያሻም። የተገኘው ግን ከአጽሟ 40 በመቶ ገደማው ነው፤ በጉዳት መጠን ከሄድን ከእኔ ትብሳለች። እንዲያም ሆኖ በ1999 ዓ.ም. አሜሪካ ተሻግራ እስከ 2005 ዓ.ም. ቆይታ ተመለሰች፤ «ሰውዬው ስብሰባ ነው» ያላት አልሰማሁም።

የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን፣ ዲሴምበር 3፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 24 ላይ ይውላል። 24 ደግሞ የሰፈሬ ጻድቅ ዕለት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተሰበረ፣ ከደብረ ዳሞም ሲወርዱ ገመዱ ቢቆረጥ ስድስት ክንፍ እንደተሰጣቸው ገድላቸው ይተርካል። በየዓመቱ በዚያ ቀን ስድስት ደረጃ ያለው መድረክ ላይ ወጥተው ስለ አካታችነት የሚናገሩ ሰዎች ከዚህ ታሪክ የወሰዱት ትምህርት ግልጽ ነው፦ ገመዱን ተዉት፣ ክንፍ ይመጣል። ገመዱን የቆረጠው ሰይጣን መሆኑን ግን ሲያነሱ አልሰማሁም።

ሸክሙ ይቅርብኝ አልኩት «እንሸከምዎታለን» ያለኝን ልጅ። ተጨነቀ። ክፉ ልጅ አይደለም።

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ ጋሼ? ከየት ነው የመጡት?»

«ከተክለ ሃይማኖት። በል ውጣና ያለውን ንገረኝ።»

ወጣ። ከላይ ሆኖ ይጮህልኝ ጀመር።

«ፈረስ አለ! ጦርነት ነው መሰለኝ!»

«ሌላስ?»

«ገበያ አለ... ይሄኛው ደግሞ ምንም አይደለም፣ ቀለም ብቻ ነው!»

«ሌላስ?»

ትንሽ ቆየ።

«ጋሼ! ተክልዬ አሉ! የሰፈርዎ!»

«እግራቸውስ?»

«አንዱ ተሰብሮ ወድቋል።»

«ታዲያ በምን ወጡ?»

የደረጃው አናት ላይ ብቅ ብሎ ወደ ታች አየኝ፤ ዊልቸሬንም አየ።

«ክንፍ አላቸው፣ ጋሼ» አለ፤ አሁን ድምፁ ቀንሷል።