ኬላ፣ አምፖልና ርዕሰ መስተዳድር

የክልል ርዕሰ መስተዳድር በኢትዮጵያ በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። መራጩ ለክልሉ ምክር ቤት፣ በኦሮሚያ ለጨፌው፣ እንደራሴ ይመርጣል፤ በጨፌው አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ደግሞ ርዕሰ መስተዳድሩን ይሰይማል። ዘመኑም የምክር ቤቱ ዘመን፣ አምስት ዓመት ነው። ይህ ትምህርት በምዕራብ ሐረርጌ፣ በቦኬ ወረዳ፣ ከአንዲት ጫት ነጋዴ መደብ አጠገብ በየምርጫው ዋዜማ እንደ አዲስ ይሰጣል። ተሳታፊዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሁሉም «አዴ» የሚላት ነጋዴዋ፣ «ቲቸር» የሚባሉት ጡረተኛ የሲቪክስ መምህር፣ እና ቤንዚን ሲያገኝ የሚሠራ፣ ሲያጣ የሚከራከር ባጃጅ ነጂ። ነዳጅ ከተወደደ ወዲህ ክርክሩ ከሥራው በዝቷል።

ባጃጅ ነጂው፦ ቲቸር፣ ርዕሰ መስተዳድሩን የምመርጥበት ወረቀት ስንተኛው ነው?

ቲቸር፦ ሁለት ወረቀት ይሰጥሃል። አንዱ ለፌዴራሉ ፓርላማ፣ ሌላው ለጨፌው።

ባጃጅ ነጂው፦ ሦስተኛውስ?

ቲቸር፦ ሦስተኛ የለም። አንተ ጨፌውን ትመርጣለህ፤ ጨፌው እሳቸውን ይመርጣል።

አዴ፦ አቦ፣ ይሄማ የደላላ ሥራ ነው! እኔ ለደላላ እሸጣለሁ፣ ደላላው ለድሬ ነጋዴ ይሸጣል። የድሬው ሰውዬ እኔን አያውቀኝም፣ እኔም እሱን አላውቀውም።

ቲቸር፦ አዴ፣ የውክልና ዴሞክራሲ ነው የሚባለው።

አዴ፦ እሺ፣ ኮሚሽኑ ስንት ነው?

ሥልጣኑ ወደ ሐረርጌ የሚመጣበት መንገድ ጥንት አጭር ነበር። ገዥው ከዙፋኑ ተሹሞ ይመጣል፤ በቃ። የዛሬዋ ጭሮ አሰበ ተፈሪ እየተባለች የጨርጨር አውራጃ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን አውራጃውን ካስተዳደሩት አንዱ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ጨርጨርን የአስተዳደር አርአያ ለማድረግ የሞከሩት እኚህ ሰው የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ አውሬዎችን እያናገሩ ሹማምንትን የሚሸነቁጥ ተውኔትም ጽፈዋል። ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፣ ተውኔቱ ታገደ። ከሁለቱ የቱ እውነቱን ይበልጥ እንደተናገረ ከዚህ መገመት ይቻላል። በዚያ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የአካባቢው ሹማምንት ይመርጡለት ነበር።

ባጃጅ ነጂው፦ እና መቼ ቻልን?

ቲቸር፦ አልተገለጸም።

አሁን ኦሮሚያን የሚመሩት አቶ ሽመልስ አብዲሳ ወደ ኃላፊነቱ የመጡት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከሳቸው በፊት የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ወደ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። ቀጥሎ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ፤ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ጨፌው አቶ ሽመልስን ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ ሰየመ። በዚያ ምርጫ ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ አልተወዳደሩም። ገዥው ፓርቲ ብልጽግና በፌዴራሉ ፓርላማ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች 410ሩን ወሰደ። በኦሮሚያ ብዙ መራጭ የፓርቲ ምልክት ለማማረጥ ብዙ አልተቸገረም።

ባጃጅ ነጂው፦ ያኔ ምልክታቸው አምፖል ነበር። አስታውሳለሁ፣ አምፖሉ ላይ ነው ያመለከትኩት።

አዴ፦ እኔም። አምፖሉ እስካሁን አለ፤ የሚጠፋው መብራቱ ነው።

መብራት ሲጠፋ፣ ኢኮኖሚም ሲዳከም ርዕሰ መስተዳድር ምን ያስቀድማል? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ድካሙ መኖሩን ማመን ያስፈልጋል። የኢኮኖሚ ድቀት በዓለም ዘንድ በተለምዶ የሚለካው ምርት በተከታታይ ሁለት ሩብ ዓመታት ሲቀንስ ነው። በኢትዮጵያ ይፋ ሪፖርት ድቀት የለም፤ የ2016 ዓ.ም. ዕድገት 8.1 በመቶ ተብሏል። ከዚህ ዕድገት ጎን ለጎን ግን በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የአራት ዓመት፣ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ማጽደቁን አስታወቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ሆነ፤ ብዙ ወር ሳይቆይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ይህ የዚያን ጊዜ የማደያ ዋጋ ነው። ማደያው «የለም» ሲል ቤንዚን በሃይላንድ ይሸጣል፤ የሃይላንዱን ዋጋ የሚወስነው የባለ ሃይላንዱ ፊት ነው።

አዴ፦ ቲቸር፣ ዶላር ሲወደድ ወደ ውጭ የሚልክ ያተርፋል አላሉም?

ቲቸር፦ ብያለሁ። ጫት ወደ ውጭ ይላካል፣ በዶላር ይሸጣል። ስለዚህ በንድፈ ሐሳብ ገበሬውም አንቺም ታተርፋላችሁ።

አዴ፦ ንድፈ ሐሳቡ ምነው ቦኬ ሳይደርስ ቀረ?

ባጃጅ ነጂው፦ መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሶ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ዘመን የክልሉ መንግሥት ቅድሚያ የሰጣቸው ሥራዎች ዝርዝር ረጅም ነው። የበጋ መስኖ ስንዴ አለ፤ ከውጭ የሚገባውን ስንዴ ለማስቀረት የታሰበ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ በፌዴራል ደረጃ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት አለ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ማርና ዓሣ ወደ ማዕድ ያመጣል ተብሎ። ኢፋ ቦሩ የተሰኙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማትም አለ። ዝርዝሩን በሪፖርት የሚያነብ ሰው ይጠግባል። ማሽላ፣ በቆሎና ጫት በሚበቅልበት፣ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የብዙ ቤተሰብ ቀለብ በሆነበት ዞን ግን ዝርዝሩ በሌላ መንገድ ይነበባል።

ባጃጅ ነጂው፦ ሌማቱ ላይ ዓሣ አለ አሉ።

አዴ፦ ዓሣ? ሌማቱን ራሱን የገዛሁበት ዱቤ አላለቀም።

ቲቸር፦ አትቀልዱ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ለሁሉም ወረዳ አንድ ቅጽ መላኩ ነው፤ የማሽላ አገርም የስንዴ አገርም ያንኑ ቅጽ ይሞላል።

ባጃጅ ነጂው፦ ጭሮ ኮሪደር ሲሠራ አይተዋል?

ቲቸር፦ ከተማ ማማሩ ምን ከፋ?

ባጃጅ ነጂው፦ አልከፋም። እንዲያውም በጣም ካማረ ባጃጅ አይቆምበትም።

ከዝርዝሩ ውስጥ ለቀልድም ለቁም ነገርም ሰፊው ቡሳ ጎኖፋ ነው። ቡሳ ጎኖፋ በኦሮሞ ባህል የተቸገረን፣ ከብት ያለቀበትን፣ ቤት የተቃጠለበትን ጎረቤትና ጎሳ አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት ነው። የክልሉ መንግሥት ይህን ሥርዓት ወስዶ አባልና መዋጮ ያለው ተቋም አደረገው። ሐሳቡ ከውጭ እርዳታ ጥገኝነት መውጣት ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ልዩነቱ ባህሉ የተቸገረውን የሚያውቀው በስሙ መሆኑ ነው፤ ተቋሙ ደግሞ በደረሰኝ።

አዴ፦ አንድ ልጅ ደረሰኝ ይዞ መጣ። «አዴ፣ ለተቸገረ አዋጪ» አለኝ። «የተቸገረው ማነው?» አልኩት።

ቲቸር፦ ምን አለሽ?

አዴ፦ ዝርዝሩን ገልጦ ፈለገ። ወላሂ ስሜን አጣው!

ባጃጅ ነጂው፦ እና አዋጣሽ?

አዴ፦ አዋጣሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ አባል መሆን ያስፈልጋል አለኝ።

በሌላው ዓለም ርዕሰ መስተዳድር በድቀት ዘመን የሚፈተነው በሌላ መንገድ ነው። የአሜሪካ ግዛት ገዥ ከመራጩ ፊት በስሙ ይቆማል፤ አብዛኞቹ ግዛቶችም ወጪያቸውን ከገቢያቸው የማመጣጠን ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ገቢ ሲቀንስ ወይ ግብር ይጨመራል ወይ አገልግሎት ይቀነሳል፤ ሁለቱም ድምፅ ያሳጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ካሊፎርኒያ ገንዘብ ቢያጥራት «ወደፊት እንከፍላለን» የሚል ወረቀት ልትከፍላቸው ለሚገቡ ሰዎች አደለች። የኦሃዮው ገዥ ቴድ ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ተወዳድረው በጆን ኬሲክ ተሸነፉ። በድቀቱ ለተዘጉት የግዛቲቱ ፋብሪካዎች ምን ያህል ተጠያቂ እንደነበሩ አከራካሪ ነው፤ መራጩ ግን የሚያገኘውን ሰው ቀጣ።

አዴ፦ ካሊፎርኒያ በዱቤ ደብተር ትሠራለች?

ቲቸር፦ ለጥቂት ወራት።

አዴ፦ እኔ ስንት ዓመቴ! ገዥ አልሆንኩም እንጂ ልምዱ አለኝ።

ርዕሰ መስተዳድር ሲፈልግ የሚያደርገው ነገር መኖሩ ግን በጫት ታይቷል። ጫት እንደ ቡና ጎተራ ገብቶ ዋጋ የሚጠብቅ ምርት አይደለም። ማለዳ ይቆረጣል፣ ይታሰራል፣ በቅጠል ይጠቀለላል፣ መኪና ይይዛል፤ በአንድ ሁለት ቀን ቃሚው እጅ ካልገባ ይጠወልግና ለፍየል ይሆናል። በዚህ ሩጫ መካከል የተዘረጋ እያንዳንዱ ኬላ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንዱን በብር፣ ሌላውን በሰዓት። ኬላው የሚበላው ገንዘብ በመጨረሻ የሚወጣው ከገበሬው ነው፤ ነጋዴውና ሾፌሩ ወጪያቸውን አስበው ወደ ታች ያወርዱታልና። በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ለ2018 ዓ.ም. የታቀደው ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ የክልሉ መንግሥት በጫት ንግድ ላይ የተዘረጉት ኬላዎች እንዲነሱ ወሰነ። ከስንዴው፣ ከሌማቱና ከኮሪደሩ ሁሉ ለምዕራብና ለምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ኪስ የቀረበው ቅድሚያ ይህ ነው።

አዴ፦ ኬላው ተነሣ ሲባል እልል ብያለሁ፤ አልዋሽም።

ቲቸር፦ እልልታሽ ልክ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በአንድ ውሳኔ የሚነሣ ከሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ይሠራ ነበር?

አዴ፦ ቲቸር፣ በሠርግ ቀን የጥሎሽ ሒሳብ አይነሣም።

ባጃጅ ነጂው፦ ምርጫው ሩቅ ቢሆንስ ይነሣ ነበር?

አዴ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ለኔ ምርጫው በየዓመቱ ይሁንልኝ።

ቲቸር፦ የኬላው ገንዘብ እኮ ለመንግሥትም ገቢ ነበር። አሁን ያ ጉድጓድ በምን ይሞላል? መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ጨምሯል፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር። ያንን የሚከፍለው ክልሉ ነው።

ባጃጅ ነጂው፦ ፌዴራል ድጎማ አለ አይደል? ትልቁ ድርሻ የኦሮሚያ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ቲቸር፦ አለ። አይበቃም።

አዴ፦ ስለዚህ ኬላው ይመለሳል ነው የሚሉኝ?

ቲቸር፦ ኬላ ሆኖ አይመለስም። ሌላ ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ደረሰኙን ስታዪ ርዕሱን አንብቢ።

ቅስቀሳው ራሱ አጭር ምዕራፍ ነው። በሥልጣን ላይ ያለ ፓርቲ ሁለት ዓይነት ቅስቀሳ አለው። አንዱ በምርጫ ቦርድ መርሐ ግብር የሚጀመርና ድምፅ ከመስጠቱ አራት ቀን ቀደም ብሎ የሚቆም፣ ፖስተርና ድምፅ ማጉያ ያለው ነው። ሌላው ምረቃ ይባላል፤ ሪባን፣ መቀስና ካሜራ አለው፣ የሚያቆመውም ሕግ የለም። ተቃዋሚ ፓርቲ የመጀመሪያውን ብቻ ያገኛል፤ ለዚያም አዳራሽ ከተፈቀደለት ነው። የርዕሰ መስተዳድሩ እውነተኛ ቅስቀሳ ግን ከሁለቱም ውጭ፣ በፓርቲው ውስጥ ይካሄዳል፤ ቀጣዩን ሰው የሚሰይመው ጨፌ፣ የጨፌውን ዕጩዎች የሚያቀርበው ፓርቲ ነውና። በቦኬ ገበያ የተነሣ ቅሬታ እዚያ የሚደርሰው በሪፖርት ሲሆን፣ በየደረጃው ያለ ሰው የሚያሳፍረውን መስመር አንዳንድ ይሰርዛል።

ባጃጅ ነጂው፦ ቲቸር፣ ታዲያ እኛ የማንፈልገው ርዕሰ መስተዳድር በምን ይወርዳል?

ቲቸር፦ በሕጉ መሠረት የወረዳህን እንደራሴ ባለመምረጥ። የሌላውም ወረዳ እንዲሁ፣ የሌላውም እንዲሁ፣ ጨፌው እስኪገለበጥ።

አዴ፦ በታሪክ ተደርጎ ያውቃል?

ቲቸሩ ለዚህ መልስ ስም መጥራት ነበረባቸው። ጁነዲን ሳዶ፣ አባዱላ ገመዳ፣ አለማየሁ አቶምሳ፣ ሙክታር ከድር፣ ለማ መገርሳ፤ ሁሉም ኦሮሚያን በየተራ መርተዋል። ከወንበሩ የወጡት በሌላ ሹመት፣ በሕመም ወይም በፓርቲ ውሳኔ ነው። በምርጫ ተሸንፎ የወጣ አንድም የለም።