የእመት ካታሌዝ ጎጆ

ከሐሮ ወንጪ ሐይቅ አፋፍ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ባለፈ ከፍታ ላይ በበቀለ የገብስ ቅጠል ውስጥ ኤንዛይሞች ተከባብረው ይኖሩ ነበር ይባላል። መከባበሩ ግን ለሁሉም አልደረሰም።

ትልቁ ባለርስት አያ ሩቢስኮ ነው። ድርብ አጥር ባለው አረንጓዴ ግቢው፣ በክሎሮፕላስት፣ ተቀምጦ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅማል፤ የቅጠሉ ስኳር ከዚያ ይጀምራል። ዘመድ አዝማዱ እንደ አሸዋ ነው። እጁ ግን ዘገምተኛ ነው፤ በሴኮንድ ቢለቅም ጥቂት ነው። እሱም ሆኖ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ እየመሰለው ኦክስጅን ይጨብጣል። ከስሕተቱ የሚተርፈውን ግላይኮሌት ከአጥሩ ውጭ ይጥለዋል። በሸንጎ ይህን የሚያነሣ የለም፤ ባለርስት መቼ ይሳሳታል?

ከአጥሩ ሥር የተለጠፈች፣ ግድግዳዋ አንድ ብቻ የሆነ ጎጆ አለች፤ ፐርኦክሲሶም ይሏታል። ግላይኮሌቱ እዚያ ሲሰባበር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባል አቃጣይ ነገር ይወጣዋል። እመት ካታሌዝ ያንን እየተቀበለች ውሃና ኦክስጅን ታደርገዋለች፤ እጇ ፈጣን ነው፣ በሴኮንድ ሚሊዮኖችን ታበርዳለች። የተረፋት ስም «ቡዳ» ነው። ድስቷን ገዝተው ከደጅ እንደሚመልሷት ሸክላ ሠሪ፣ ቡና ሲፈላ አትጠራም።

አንድ ቀን ሸንጎ ተቀመጠ።

«ከቤቷ መርዝ አይጠፋም፤ ትውጣልን» አለ አያ ሩቢስኮ።

«ጌታዬ፣ እኔ አላመጣሁትም። ከግቢዎ የሚጣለውን ነው የማጸዳው» አለች።

«አፏን ስሙልኝ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። አባረሯት።

ሰሞኑ ክረምት ነበር። ሐይቁም፣ በደሴቱ ያለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንም በጉም ተሸፍነዋል። ብርሃን ሲያንስ የአያ ሩቢስኮም ስሕተት ያንሳልና ቅጠሉ ምንም አልሆነም። «ይኸው፣ እሷ ስትሄድ ሰላም ወረደ!» ተባለ፤ ጠላም ተጠመቀ።

መስከረም ሲጠባ ጉሙ ተገፈፈ። በቀትር ፀሐይ አያ ሩቢስኮ ይለቅማል፣ ይሳሳታል፣ ይጥላል። የሚያበርድ የለም። አቃጣዩ ነገር ከባዶዋ ጎጆ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ድርብ አጥሩንም ዘልቆ አረንጓዴውን ግቢ ለበለበው። ሽማግሌዎቹ «ጥሯት» ሲሉ መልእክተኛ የሚሆን አልተገኘም። ቅጠሉ ነጥቶ ደረቀ።

ገብሱ እውነተኛ ነው። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ካታሌዝ የጎደለውን የገብስ ዘር መርምረው ጽፈውበታል፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር ለምለም ሆኖ ያድጋል፤ እኛ ወደምንተነፍሰው አየር ሲያወጡት ግን ቅጠሉ ይቃጠላል።