ማምረት ጽድቅ፣ መያዝ ኃጢአት

የኢትዮጵያ የክሪፕቶ ፖሊሲ ወጥነት የለውም ብለው የሚያሙ ሰዎች አሉ። ሐሜት ነው። ፖሊሲው ወጥ ነው፤ እንዲያውም በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ቢትኮይን ማምረት ይቻላል፤ በቢትኮይን መገበያየት አይቻልም። የመጀመሪያው ዶላር ይዞ ለመጣ፣ ሁለተኛው ዶላር ለቸገረው የተጻፈ ነው።

በዕድሜ ክልከላው ይቀድማል። በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ብሔራዊ ባንክ በቢትኮይንና በመሰሎቹ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን በመግለጫ አስታወቀ። የአገሪቱ ገንዘብ ብር ነው፤ ባንኩ ካልፈቀደ በቀር ማንኛውም ክፍያ በብር ይፈጸማል። መግለጫው አላሻማም፤ ሕዝቡም ገባው። ብዙም ሳይቆይ፣ በነሐሴ ወር፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሌላ ማስታወቂያ ይዞ ብቅ አለ፦ በክሪፕቶ ሥራ የተሰማራችሁ ሁሉ፣ የምታመርቱም የምታስተላልፉም፣ በ10 ቀን ውስጥ መጥታችሁ ተመዝገቡ፤ ያልተመዘገበ በሕግ ይጠየቃል። እንግዲህ ሁለቱንም መሥሪያ ቤቶች አክብሮ መኖር የሚሻ ታዛዥ ዜጋ ጠዋት ባንኩን ሰምቶ ሥራውን ይተዋል፤ ከሰዓት ደግሞ የተወውን ሥራ ሊያስመዘግብ ይሰለፋል።

ሰልፉ ላይ ግን ሁሉም እኩል አልነበረም።

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 የቢትኮይን ምርትን ከአገሯ ስታባርር ማሽኖቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ዓለምን መዞር ጀመሩ። የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን ኃይል ያመነጨው በየካቲት 2014 ነው። ማሽኖቹና መብራቱ ለመገናኘት ብዙ አልፈጀባቸውም። በ2016 አጋማሽ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 የቢትኮይን አምራቾች ጋር የኃይል አቅርቦት ውል ነበረው፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ቻይናውያን። ዋጋው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የመንግሥት ኩባንያዎች የበላይ የሆነው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ለዳታ ማይኒንግና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል ግንባታ ከሆንግ ኮንግ ከመጣ ኩባንያ ጋር የ250 ሚሊዮን ዶላር የመጀመሪያ ደረጃ ስምምነት ፈረመ። «ማንኛውም ክፍያ በብር ይፈጸማል» ከሚለው መግለጫ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ግን «ባንኩ ካልፈቀደ በቀር» የምትል ሐረግ አብራ መጻፏን ልብ ይሏል። ትንሽ በር ናት፤ ኮንቴይነር ግን ታስገባለች።

የሥራው አካሄድ ራሱ ለዚህ ፖሊሲ ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል። በኮንቴይነርና በመጋዘን የተደረደሩ ማሽኖች ሌት ተቀን አንድ ቁጥር ለመገመት ይሽቀዳደማሉ። በዓለም ዙሪያ በየ10 ደቂቃው ገደማ አንዱ ይቀናዋል፤ ሽልማቱም ከሚያዝያ 2016 ወዲህ 3.125 አዲስ ቢትኮይን ነው። ሽልማቱ የሚገባው ማሽኑ የቆመበት መንደር ሳይሆን የባለቤቱ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ የትም ይሁን የት። የዓባይ ውሃ ተርባይን ይመታል፤ ኃይሉ በከፍተኛ መስመር ተጉዞ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባና ሙቀትና ቁጥር ይሆናል። ሙቀቱ እዚሁ ይቀራል፤ ቁጥሩ ይሄዳል። የብሔራዊ ባንክ ክልከላም ሳይደፈር ያድራል፤ የተከለከለው ሳንቲም አንዲት ሌሊት እንኳ ኢትዮጵያዊ እጅ ላይ አላረፈማ። ለመንደሩ ጌሾና ብቅል ሲያከፋፍል ውሎ፣ ማታ ጠላ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር የሚያማትብ ነጋዴ ቢኖር ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አያገኝም ነበር።

የባንኩ ስጋት ባዶ ነው ማለት አይቻልም። መግለጫው ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቴራ የተባለው ሥርዓት፣ አንድ ዶላር ያወጣል የተባለለት ሳንቲሙ ከመሠረቱ ተንዶ፣ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት ይዞ ጠፋ። በዚያው እ.ኤ.አ. 2022 ኅዳር ላይ ኤፍቲኤክስ የተባለው መገበያያ ከሰረ፤ መሥራቹ ሳም ባንክማን-ፍራይድ የደንበኞችን ገንዘብ በማጭበርበር 25 ዓመት ተፈረደበት። ገንዘባችሁን በወር እናጥፍላችኋለን የሚሉ የቴሌግራም ቡድኖችም ስንቱን ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እንዳራቆቱ ለመናገር ጥናት አያሻም። ነገሩ አደገኛ ነው። የሚያስገርመው የአደጋው ጠባይ ነው፤ ስልክ ውስጥ ያለች 50 ዶላር አገር ታናውጣለች፤ አሥር ሺህ ማሽን በአንድ ግቢ ሲያጓራ ግን አደጋው ወደ ኢንቨስትመንት ይለወጣል።

አንድ ወጣት እንመልከት። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ደንበኛ ሶፍትዌር ይጽፋል፤ ደንበኛው በዩኤስዲቲ ይከፍለዋል። ዩኤስዲቲ ከዶላር ጋር የታሰረ ሳንቲም ነው፤ ስልክ ላይ ይደርሳል፤ ወረፋ የለው፣ ኤልሲ የለው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ደጅ ጥናት የለው። ወጣቱ ገሚሱን ለሌላ ሰው ይሸጥና ብሩ በሞባይል ይገባለታል። ገዢው ደግሞ ዕቃ ከዱባይ ወይም ከቻይና የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ባንክ ዶላር ጠይቆ ወራት የጠበቀ። ሁለቱም በመግለጫው መሠረት ጥፋተኞች ናቸው። የሠሩት ጥፋት ባንኩ ሊያገናኛቸው ያልቻለውን ዶላር ፈላጊና ዶላር አቅራቢ ያለ ባንኩ መገናኘታቸው ነው።

ጥፋተኞቹ ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን በ57 ብር ይመነዘር የነበረ ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር ገባ፤ በሳምንታት ውስጥም ከመቶ በላይ ወጣ። ደመወዙ በብር የቆመ ሰው ቁጠባው ዓይኑ እያየ ሲቀልጥበት ዶላር የሚመስል ነገር ቢፈልግ አይፈረድበትም። የክሪፕቶ እንቅስቃሴን የሚያጠናው ቼይናሊሲስ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ባወጣው ዘገባ፣ በአነስተኛ መጠን በሚደረግ የስቴብልኮይን (እንደ ዩኤስዲቲ ያለ ሳንቲም) ዝውውር ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች እጅግ ፈጣን ዕድገት ያሳየችው ኢትዮጵያ ናት ብሎ 180 በመቶ ጭማሪ መዝግቧል። እንግዲህ ክልከላው ይህን ያህል ሠርቷል። ባይከለከልስ ኖሮ ምን ሊሆን ነበር?

ክልከላው የሚያመጣው ሌላም ጥቅም አለ፤ ተቆጣጣሪውን ከድካም ያሳርፋል። የተከለከለ ነገር ፈቃድ አያሻውም፤ ፈቃድ የሌለው ነገር መርማሪ አያሻውም፤ የተታለለ ዜጋ አቤት ሲል ደግሞ «ቀድሞውኑ ሕገወጥ ነበር» የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አጭበርባሪ ከዚህ የሚመቸው ሥርዓት አይመኝም። ተበዳዩ ለመክሰስ በመጀመሪያ በራሱ ላይ መመስከር አለበት።

ሌሎች ይህን ጥበብ ለመቀበል ትዕግሥት አጥተዋል። የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ባንኮች ክሪፕቶ እንዳይነኩ ከልክሎ ግብይቱ ከባንክ ወጥቶ በስልክ ሲጧጧፍ አየ፤ በ2023 መጨረሻ ክልከላውን አነሳ፤ በ2025 ደግሞ አገሪቱ ዲጂታል ሀብትን በኢንቨስትመንት ሕጓ ውስጥ አስገባች። ኬንያ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አገልግሎት ሰጪዎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አጽድቃ ቁጥጥሩን ለማዕከላዊ ባንኳና ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣኗ አከፋፈለች። ማን ገንዘብ እንደሚይዝ፣ የማን እንደሆነ፣ ሲጠፋ ማን እንደሚጠየቅ የሚወስን ሕግ ማለት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። አዲስ አበባም የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አላት፤ ብሔራዊ ባንክም አላት፤ ያልታደለችው ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚጽፉትን አንቀጽ ነው።

እስከዚያ ድረስ ለወጣቱ የሚሰጥ ምክር አለ። ዩኤስዲቲውን በስልኩ ደብቆ ከሚሳቀቅ ኮንቴይነር ይግዛ። ማራገቢያ ይግጠምበት፤ ማሽን ይደርድርበት፤ ጥቂት ሜጋዋት ይጠይቅ። ሥራህ ምንድን ነው ሲባል «ዳታ ማይኒንግ» ይበል፤ ሒሳቡን በዶላር ይክፈል፤ ያኔ ተጠርጣሪነቱ ቀርቶ ባለሀብት ይባላል፤ ጥሩ ዕድል ከገጠመውም ሪባን ይቆርጣል። ጎረቤቱ አይፍረድበት። ከአገሪቱ ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት አላገኘም፤ ያገኘውም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኖበታል፤ የኮንቴይነሩ ማራገቢያ ግን ዶላር ስለሚያመጣ ቅድሚያ ይገባዋል።

ወጣቱ ምክሩን ለመተግበር ካሰበ ግን ዘግይቷል። በነሐሴ 2017፣ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል የተባለው ግድብ ሊመረቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለአዲስ የቢትኮይን አምራች የሚሰጥ ትርፍ ኃይል የለኝም ብሎ ምዝገባውን ዘጋ። ቀድመው የገቡት መገመታቸውን ቀጠሉ፤ የ2014ቱ መግለጫም እንዳለ ነው።