ቁልፉ ከማን ጋር ነው?

አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ጎረቤቴ በያጅ አስመጥቶ በረንዳውን በፍርግርግ ሲያሳጥር፣ በሩ ላይም ሌላ የብረት በር ሲያስደርብ፣ የብሎካችን ዘበኛ አባባ «ሌባው አሞራ ነው እንዴ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። መልስ አላገኙም። በወሩ ግን ፎቁ በሙሉ ታጠረ። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብየዳ እንደ ጉንፋን ነው፤ አንዱ ከያዘው ሁሉም ይይዘዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሚስቱ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ፣ እሱ ተኝቶ ስለነበር እንደ ልማዷ ከውጭ ጓጉንቸሩን ቆልፋበት ሄደች። ስልኳ ዝግ ነው። ስደርስ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ኮሪደሩን ያያል።

ድሮ እንዲህ ለመታሰር ቢያንስ ዘር ይጠይቅ ነበር። ነገሥታቱ ዙፋን ይሻሙናል ያሏቸውን ዘመዶቻቸውን ቀድሞ ግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ላይ ያኖሩ ነበር። አጥሩ ገደል ነው፤ ለበያጅ የሚከፈል የለም። ለተራው ሰው ደግሞ ቁራኛ ነበረለት። ባለዕዳና አበዳሪ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ ተሟጋቾች ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ራሳቸውን በራሳቸው ዳኛ ፊት ያደርሳሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ አበዳሪው ነው፤ ገንዘቡም አልተመለሰ፣ እሱም ታሰረ። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቶ «በዓይነ ቁራኛ» የምንላት ቃል ብቻ ተርፋለች።

ኋላ ከርቸሌ መጣ፤ ከነዓለም በቃኙ። እሱም ፈርሶ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ ቆመ፤ ጥር 2004 ተመረቀ። ከአያት በባቡር ሄዶ ሜክሲኮ የወረደ ሁሉ ያየዋል። ድሮ እዚያ ግቢ የሚቸግረው መውጣቱ ነበር፤ ዛሬ መግባቱ ነው።

ስሙንማ አለስልሰነዋል። ወህኒ ቤቱ ማረሚያ ቤት፣ እስረኛው ታራሚ ሆኗል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ በ1996 ሲሻሻል «መቅጫ»ን ጥሎ የወንጀል ሕግ ተባለ። የሞት ቅጣቱ ግን እዚያው አለ።

ወደ ታራሚያችን ልመለስ። ጎረቤቶች ስንቅ ይዘው መጡ። እትዬ ከሦስተኛ ፎቅ ድፎ ዳቦ አመጡለት፤ በያጁ ብረቱን አቀራርቦ ስለ ሠራው አላልፍ አለ። እየቆረሱ አቀበሉት። ሻይ በብርጭቆ ሞከርን፣ ብርጭቆው ተቀረቀረ። ያለፈችው የቡና ሲኒ ብቻ ናት። ስለዚህ ቡና ተፈላ። በርጩማ ወጣ፣ ኮሪደሩ በጠያቂ ሞላ፤ እሱ ከውስጥ እኛ ከውጭ ሆነን ሦስተኛው ላይ ስንደርስ አባባ ከደረጃው ብቅ ብለው «የጥየቃ ሰዓት አልቋል!» አሉ። ከሁሉም በላይ የሳቀው እስረኛው ነበር።

ሚስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ከፈተችለት። በማግስቱ በያጁ ተመልሶ ተጠራ፤ ብረቱን ሊያነሣ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ ዳቦ ማስገቢያ መስኮት ሊያወጣ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ «የሌባ እጅ ያስገባል» ብሎ ስለተቃወመ፣ መስኮቷም ትንሽ ጓጉንቸር ተገጠመላት። ቁልፏ ሚስትየው ቦርሳ ውስጥ፣ ከትልቁ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ነው።